የሕክምናውን ልክ ማን ይቁረጥ?

በጉለሌ ክፍለ ከተማ በሁለቱ ሐዋርያት ስም የተሰየሙ ሁለት ሆስፒታሎች አሉ። አንደኛው ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ነው፤ ሌላው ከዊንጌት ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ። ጴጥሮስን የአዲስ አበባ ሰው ለረጅም ዘመን የሚያውቀው በሳንባ ነቀርሳ ሕክምናው ነው። ጳውሎስ ደግሞ የጡት ካንሰር የያዛቸው እናቶችና እህቶች የምርመራ ውጤታቸውን በፌስታል ይዘው ኬሞ ለመውሰድ ተራ ከሚጠብቁባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በጴጥሮስ ግቢ ከአሥር ዓመት በላይ በፊት አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ይህ ሕክምና የግድ ይህን ያህል መርዘም አለበት ወይ? የሚል። ጥያቄው በአግባቡ ተጠየቀ፣ በአግባቡ ተመለሰ፣ መልሱም ከእንጦጦ አልፎ ሩቅ አገር ደረሰ። ያንኑ ጥያቄ ለጡት ካንሰር እናንሣው ሲባል ግን የሚሰማው ምላሽ «እሱ ለእኛ ገና ነው» የሚል ነው። የምሞግተው ይህንን «ገና ነው» ነው።

አባባሉን የሚያራምዱት ለሕመምተኛ የማያዝኑ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ሕመምተኛ ሲያዩ የሚውሉ ሐኪሞችና በጀት ለማብቃቃት ሲጨነቁ የሚያድሩ ኃላፊዎች ናቸው። የሚሉትም ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 ባወጣው ግምት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ በዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ይያዛሉ። ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚደርሱት እብጠቱ ካደገና ወደ ብብት ዕጢዎች ከተሠራጨ በኋላ ነው። መድኃኒት ይቋረጣል፣ የጨረር ማሽን ይበላሻል፣ የፓቶሎጂ ውጤት ይዘገያል። በዚህ መሐል «ስድስት ወር ይሻላል ወይስ አሥራ ሁለት?» እያሉ ሕመምተኛን በዕጣ ከፍሎ ማጥናት፣ በእነርሱ ዓይን፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። የሕክምናውን ልክ አውሮፓና አሜሪካ አጥንተው ይቁረጡት፤ እኛ መመሪያውን ተቀብለን በአቅማችን እንሥራበት ይላሉ። የእኔ ሙግት የተገላቢጦሽ ነው። መድኃኒቱ ስላነሰን፣ ማሽኑ ስለጠበበን፣ ሕመምተኛዋም ከሩቅ ስለምትመጣ የሕክምና ርዝመት ጥያቄ ከሁሉ በፊት የእኛ ጥያቄ ነው። ትርፍ ያለው ሰው የወራቱን ቁጥር ባይጠይቅም ይኖራል። ለእኛ ግን የወራቱ ቁጥር ማን እንደምትታከምና ማን ሳትታከም እንደምትቀር ይወስናል።

በጴጥሮስ የሆነውን ላስታውስ። መድኃኒት የተላመደው የሳንባ ነቀርሳ ለረጅም ጊዜ ይታከም የነበረው ሃያ ወር ገደማ በሚፈጅ ሕክምና ነው። ሕመምተኛው በየቀኑ ብዙ ክኒን ይውጣል፣ ለወራት መርፌ ይወጋል፣ ጆሮው ይደነቁራል፣ ሆዱ ይታወካል፤ ብዙው ሰው መሐል ላይ ያቋርጥ ነበር። በባንግላዴሽ ዘጠኝ ወር አካባቢ የሚፈጅ አጭር ሕክምና ጥሩ ውጤት አሳይቷል ተባለ፤ ነገር ግን ከረጅሙ ጋር በዕጣ ተመድቦ አልተወዳደረም ነበር። ስትሪም የተባለው ጥናት የተጀመረው ይህንን ለመፈተሽ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተሳተፉት አራት አገሮች ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቬትናምና ሞንጎሊያ ነበሩ፤ በኢትዮጵያ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሥራውን ያዙ። ከ2012 ጀምሮ 424 ሕመምተኞች በዕጣ ተመደቡ። በ2019 የወጣው ውጤት እንዳሳየው በረጅሙ ሕክምና መልካም ውጤት ያገኙት 79.8 በመቶ ሲሆኑ በአጭሩ 78.8 በመቶ ናቸው። አጭሩ የራሱ እንከን እንዳለውም ያው ጥናት አልደበቀም፤ የልብ ኤሌክትሪካዊ ሥራ መዛባት በአጭሩ ወገን በዝቶ ታይቷል። ሁለተኛው ዙር ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት አገሮች ቀጥሎ መርፌ አልባ የሆነ የዘጠኝ ወር ሕክምና ከዚያም የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱ በ2022 ታተመ። የዚያን ጊዜም መድኃኒት ይጎድል ነበር፣ ላቦራቶሪ ይጎድል ነበር። «ገና ነው» ቢባል ኖሮ የሃያ ወሩን ሕክምና ለማሳጠር የቀረበው ማስረጃ የኢትዮጵያውያን ድርሻ ባልኖረው ነበር።

አሁን ወደ ጡት ካንሰር ልምጣ። መመሪያ ላይ የታተመ ቁጥር የተፈጥሮ ሕግ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አንድ ቀን አንድ ቡድን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የመረጠው ቁጥር ነው። ሄርሴፕቲን በሚለው የንግድ ስሙ የሚታወቀውን ትራስቱዙማብን እንውሰድ። ኸር ቱ የሚባለው ፕሮቲን በበዛበት የጡት ካንሰር ላይ ይሠራል፤ የብዙ ሴቶችን ዕድሜ ያራዘመ ትልቅ መድኃኒት ነው። በ2005 ውጤታቸው የወጣ ትልልቅ ጥናቶች መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት ሰጡ፤ ሠራ፤ ያው አንድ ዓመት መመሪያ ሆነ። አንድ ዓመት ከስድስት ወር ወይም ከሦስት ወር እንደሚበልጥ ቀድሞ ያረጋገጠ አልነበረም። በ2006 ፊንሄር የተባለው የፊንላንድ ጥናት መድኃኒቱን ለዘጠኝ ሳምንት ብቻ ሰጥቶ ጠቃሚ ሆኖ አገኘው፤ ጥናቱ ትንሽ ስለነበር መመሪያውን አላነቃነቀም። ሄራ የተባለው ጥናት ደግሞ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ሄዶ ሁለት ዓመት ከአንድ ዓመት ይበልጥ እንደሆነ ፈተሸ፤ በ2013 የወጣው መልስ «አይበልጥም» የሚል ነበር። መርዘም ሁልጊዜ መሻል ማለት እንዳልሆነ ይህ ብቻውን ይበቃል።

ቀጥሎ የመጡት ሁለት ጥናቶች ለዚህ ክርክር ዋና ምስክሮቼ ስለሆኑ ረጋ ብዬ ላያቸው። የፈረንሳዩ ፋር 3,380 ሴቶችን፣ የእንግሊዙ ፐርሰፎኒ ደግሞ ከ4 ሺህ በላይ ሴቶችን ይዘው የስድስት ወር ትራስቱዙማብ ከአሥራ ሁለት ወሩ የሚያንስ መሆን አለመሆኑን መረመሩ። በ2019 የሁለቱም ውጤት ወጣ። በፈረንሳዩ፣ ስድስት ወር በታከሙት ላይ የማገርሸት ወይም የሞት አደጋ አሥራ ሁለት ወር ከታከሙት አንጻር 1.08 እጥፍ ነበር፤ በእንግሊዙ 1.07። አንድ ዓይነት ቁጥር ነው ቢባል ይቻላል። መደምደሚያቸው ግን ተቃራኒ ሆነ። ፈረንሳዮቹ «ስድስት ወር እንደማያንስ አልተረጋገጠም፤ አሥራ ሁለቱ ይቀጥል» አሉ። እንግሊዞቹ «ስድስት ወር አያንስም» አሉ። ይህ ልዩነት ከሂሳብ ስሕተት የመጣ አይደለም። እንዲህ ያለ ጥናት ከመጀመሩ በፊት አጥኚዎቹ አንድ ከባድ ነገር መወሰን አለባቸው፤ ሕክምናውን በማሳጠር የምናጣው ቢኖር እስከ ምን ድረስ እንታገሠዋለን? የሚለውን። ፈረንሳዮቹ ከመቶ ሴቶች ወደ ሁለት ገደማ ብለው ወሰኑ፤ እንግሊዞቹ ሦስት አሉ። የመጨረሻው ፍርድ የተመሠረተው በዚያች አንድ ሴት ልዩነት ላይ ነው።

የአዲስ አበባን ክርክር የሚነካውም እዚሁ ላይ ነው። ያቺን ቁጥር ሳይንስ ብቻውን አይሰጥም። በአንድ በኩል የሚታጣውን፣ በሌላ በኩል የሚገኘውን መዝኖ የሚወስን ማኅበረሰብ ነው የሚሰጣት። በእንግሊዝ ከስድስት ወሩ የተገኘው ጥቅም የልብ ጉዳት መቀነሱ (በልብ ችግር ምክንያት መድኃኒቱን ያቋረጡት ከ8 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወርደዋል) እና የመንግሥት ገንዘብ መቆጠቡ ነበር። በኢትዮጵያ ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ሌላ ነው። ትራስቱዙማብ በየሦስት ሳምንቱ ይሰጣል፤ ዓመቱን ሙሉ 18 ጊዜ፣ ለስድስት ወር 9 ጊዜ ማለት ነው። ለአንዲት ሴት የተገዛው መድኃኒት ለሁለት ይበቃል። እንግሊዛዊቷ ስድስት ወር ብትወስድም አሥራ ሁለት ወር ብትወስድም ሌላዋ እንግሊዛዊት ሳትታከም አትቀርም። እዚህ ግን ትቀራለች። ስለዚህ የለንደንን ወይም የፓሪስን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ ጥንቃቄ ቢመስልም በተግባር የሌላ ሰው ሚዛን ላይ የራስን ሸክም መመዘን ነው።

መድኃኒት አምራቾች ይህን ጥያቄ ይጠይቁልናል ብሎ መጠበቅም አይቻልም። ሸቀጡ በግማሽ እንዲሸጥ የሚያደርግ ጥናት በራሱ ገንዘብ የሚያካሂድ ድርጅት የለም። ፐርሰፎኒ የተካሄደው በብሪታንያ የሕዝብ የምርምር ገንዘብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትራስቱዙማብን በ2015 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል፤ በ2019 መጨረሻም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ተመሳሳይ ምርቱን ብቁ ነው ብሎ አጽድቋል። በር እየተከፈተ ነው። በሩ ሲከፈት ስንት ወር እንደምንሰጥ ካልወሰንን ግን ግዢው የሚሠራው በሌላ አገር ሴቶች ቁጥር ነው።

ለመሆኑ ሴቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው? በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2005 እስከ 2010 የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በ2014 ታትሟል። ብዙዎቹ ወጣት ነበሩ፤ መካከለኛ ዕድሜያቸው በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ የሆነ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ቤት የቆመባቸው ሴቶች። አብዛኞቹ የመጡትም ዘግይተው ነው። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ በአፍሪካ የጡት ካንሰር በአብዛኛው ለሆርሞን ሕክምና ምላሽ የማይሰጥ ነው የሚለውን የቆየ ግምት አናጋው፤ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያት ወደ ሁለት ሦስተኛው፣ 65 በመቶው፣ ካንሰራቸው የኢስትሮጅን ተቀባይ ያለው ሆኖ ተገኘ። ይኸውም ታሞክሲፌን የተባለው የሆርሞን ሕክምና ክኒን ይጠቅማቸዋል ማለት ነው። ለዓመታት «የእኛ ሴቶች ይለያሉ» የሚል ግምት ያለ ምርመራ ሲነገር ኖሮ ምርመራው ሲመጣ ፈረሰ። «የእኛ ሴቶች አይለዩም፤ የውጭው ልክ ይበቃቸዋል» የሚለው የዛሬው ግምትም ከዚያኛው በምንም አይሻልም፤ እርሱም አልተመረመረም።

ታሞክሲፌን ላይ የሚታይ ልዩነትም አለ። መድኃኒቱ ጉበት ውስጥ ሲፒ ሁለት ዲ ስድስት በሚባል ኢንዛይም ወደ ብርቱው መልኩ ይለወጣል። በ1996 የታተመው የኢትዮጵያዊቷ ሳይንቲስት የእሌኒ አክሊሉና የባልደረቦቿ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ኢንዛይም ጂን ከተለመደው በላይ ደጋግመው እንደያዙ አሳየ፤ በአውሮፓውያን ዘንድ ይህ በጣም ያነሰ ነው። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ እሌኒም የተሳተፈችበት፣ በኢትዮጵያውያት የጡት ካንሰር ሕሙማን ደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ ብርቱ መልክ ከዚሁ ጂን ጋር እንደሚሄድ አረጋገጠ። ከዚህ ተነሥቼ «ስለዚህ ለእኛ አጭር ጊዜ ይበቃል» አልልም፤ እንዲህ ማለት የምቃወመውን ስሕተት መድገም ነው። የምለው ጥያቄው ክፍት ነው፤ ክፍት መሆኑን ያሳዩን ደግሞ የራሳችን ሰዎች ናቸው።

ታሞክሲፌን ርካሽ ነው፤ በቀን አንዲት 20 ሚሊግራም ክኒን። በመመሪያው መሠረት አምስት ዓመት ይወሰዳል። አትላስ የተባለው፣ በ36 አገሮች ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት በ2012 ባወጣው ውጤት ደግሞ አሥር ዓመት ከአምስት ይሻላል፤ የኢስትሮጅን ተቀባይ ያለው ካንሰር ከያዛቸው መካከል ከአምስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ዓመት በጡት ካንሰር የሞቱት ከ15 ወደ 12.2 በመቶ ወርደዋል። ጥሩ። አሁን ያቺን አንዲት ክኒን ቀረብ ብለን እንያት። አምስት ዓመት ማለት 1,826 ቀን ነው። አሥር አሥር የያዘ ስትሪፕ ነው፤ በወር ሦስት። አንዲት ሕመምተኛ የመጀመሪያዎቹን ስትሪፖች ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ታገኛለች። በአራተኛው ወር «የለም፤ ከውጭ ግዢ» ትባላለች። ትገዛለች። የሙቀት ወበቁ ሌሊት ከእንቅልፏ ያስነሣታል፤ የወር አበባዋ ተዛብቷል፤ ባሏ ይጠይቃታል። ጡቷ ከተቆረጠ ዓመት አልፎታል፤ ሕመም የለባትም። ሱባኤ ስትገባ ጠበልና ክኒን አብሮ አይሄድም ብሎ የነገራት ሰው አለ፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶች በኤች.አይ.ቪ. ጊዜ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ ቢያስተምሩም ያ ቃል እስከ እርሷ አልደረሰም። ለመኸር ወደ አገሯ ትሄዳለች። ካርዷ ላይ የመጨረሻው መስመር የቀጠሮ ቀን ነው፤ ከዚያ በታች ነጭ ወረቀት ነው።

ያ ነጭ ወረቀት ሕክምናዋ ስንት ወር እንደቆየ አይናገርም፤ ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱንም አይናገርም። በየሆስፒታሉ እንዲህ ያሉ ካርዶች ተደርድረዋል። «ሙከራ በእኛ ሴቶች ላይ አይደረግ» የሚሉ ሰዎች ይህንን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ሙከራው እየተደረገ ነው። አንዷ ስምንት ወር፣ አንዷ ሁለት ዓመት፣ አንዷ አምስት ዓመት እየወሰደች ነው፤ ልዩነቱን የሚወስነው ግን ዕጣ ሳይሆን የታክሲ ዋጋ፣ የፋርማሲው መደርደሪያ፣ የባልና የዘመድ ቃል ነው። ውጤቱን የሚመዘግብ የለም፣ ጉዳት ሲበዛ የሚያስቆም ኮሚቴ የለም፣ ማንም ፈቃዷን አልጠየቃትም። በሥርዓት የሚካሄድ ጥናት ከዚህ የሚለየው ሴቲቱን በማወቁ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ የሥነ ምግባር ገምጋሚዎች ያዩታል፣ በቋንቋዋ ተነብቦላት ትፈርማለች፣ ገለልተኛ ኮሚቴ ቁጥሩን እያየ አንዱ ወገን ሲጎዳ ያስቆመዋል።

«መጀመሪያ መድኃኒቱና ማሽኑ ይሟላ» ለሚለው የጨረር ሕክምና ጥሩ መልስ አለው። ኢትዮጵያ ከሃያ ዓመት በላይ ጨረር የምታገኘው ከጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋው በወራት ይቆጠር እንደነበር የማያውቅ የለም። አሁን በክልልም ማሽኖች እየተተከሉ ነው፤ ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ሲተያዩ ግን ጥቂት ናቸው። ፋስት ፎርዋርድ የተባለው የብሪታንያ ጥናት በ97 ሆስፒታሎች 4,096 ሰዎችን ይዞ፣ በሦስት ሳምንት 15 ጊዜ የሚሰጠውን ጨረር በአንድ ሳምንት 5 ጊዜ ቢሰጥ የሚያንስ እንዳልሆነ በ2020 አሳየ። ከጎንደር የመጣች ሴት አዲስ አበባ አልጋ ተከራይታ የምትቆየው ሦስት ሳምንት ሳይሆን አንድ ሳምንት ይሆናል፤ በአንድ ማሽን ላይ የሚያልፉት ሴቶችም በእጅጉ ይበዛሉ። ማሽን ከመግዛት ጋር የሚወዳደር አቅም ነው ይህ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የዚያ ጥናት ተሳታፊዎች አብዛኞቹ ጡታቸው ሳይቆረጥ እብጠቱ ብቻ የወጣላቸውና ብብታቸው ጨረር የማያስፈልገው ነበሩ። የእኛ ሴቶች አብዛኞቹ ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ብብታቸውም ጨረር የሚያስፈልገው ናቸው። ቻይና ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት ነበር። «የምዕራባውያኑ ይበቃናል» አላለችም፤ ጡታቸው የተቆረጠና ካንሰሩ የገፋባቸው 820 ሴቶችን በዕጣ መድባ በአምስት ሳምንት 25 ጊዜ የሚሰጠውን በሦስት ሳምንት 15 ጊዜ ከሚሰጠው ጋር አወዳደረች፤ አጭሩ እንደማያንስም በ2019 አወጣች።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የማከብረው አንድ አለ። «ለድሀ ያነሰ ሕክምና ይበቃዋል የሚል ሰነድ ልታዘጋጁ ነው» የሚለው። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው። አንድ ጊዜ «ስድስት ወር ይበቃል» የሚል ወረቀት ከወጣ በጀት የሚቆርጥ እጅ በማግሥቱ «ሦስትስ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥናት ሲነደፍ ሁለት ነገሮች መታሰር አለባቸው። አንደኛ፣ ረጅሙ ሕክምና የሚደርሳቸው ሴቶች መድኃኒቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ማግኘት አለባቸው፤ እየጎደለ ከሚሰጥ አሥራ ሁለት ወር ጋር አጭሩን ማወዳደር ማጭበርበር ነው። ሁለተኛ፣ አጭሩ አንሶ ከተገኘ መንግሥት ረጅሙን የማቅረብ ግዴታውን ከጥናቱ በፊት በጽሑፍ መቀበል አለበት። ይህ ካልታሰረ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር እቆማለሁ። ነገር ግን ፍርሃቱ ጥናቱን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ ምክንያቱም ያለ ጥናት ያነሰው ሕክምና ድሮውንም ለድሀ እየተሰጠ ነው፣ ይበቃት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

«የእኛ ሕመምተኛ ይጠፋል፤ አምስት ዓመት ተከታትሎ ማጥናት አይቻልም» ይላሉ ደግሞ። በሥጋ ደዌ ሕክምናው የሚታወቀው የአለርት ሆስፒታል ሐኪሞች እንዲህ ብለው ቢሆን ኖሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሕክምናው በኋላ ምን እንደሚሆኑ ያን ያህል አናውቅም ነበር። ከ1988 ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ወደ 600 የሚጠጉ አዲስ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን መዝግበው፣ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ሳይቀር፣ እስከ አሥር ዓመት በገጠር እየሄዱ ተከታትለዋል። ሞባይል ያልነበረበት፣ መንግሥት የተለወጠበት ዘመን ነበር። በጡት ካንሰርም ቢሆን በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተካሄደና በ2022 የታተመ የዕጣ ጥናት፣ የሠለጠነች ነርስ ሴቶቹን እየደወለች፣ እየመከረች፣ ቀጠሮ እያስታወሰች ስትከታተል ታሞክሲፌን በአግባቡ የሚወስዱት እንደሚበዙ አሳይቷል። ሴቶቹ የሚጠፉት በተፈጥሯቸው አይደለም፤ የሚፈልጋቸው ሲጠፋ ነው። ጥናት ደግሞ ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት የሚፈልጋቸውን ሰው ይቀጥራል።

የቁጥሩ ጉዳይ እውነተኛ ችግር ነው። አራት ሺህ ኸር ቱ ያለባቸው ሴቶችን አንድ የኢትዮጵያ ሆስፒታል፣ ጳውሎስም ሆነ ጥቁር አንበሳ፣ ብቻውን አያገኝም። ስትሪምም በአንድ ሆስፒታል አልተሠራም። መንገዱ ያው ነው። ጳውሎስ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ጎንደር፣ ጅማና ሐዋሳ በአንድ ፕሮቶኮል ይታሰሩ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቻችንና ተመሳሳይ ወረፋ ያለባቸው ሌሎች አገሮች ይቀላቀሉ። የሚጀመረውም ከትራስቱዙማብ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። መጀመሪያ ጡታቸው ለተቆረጠ ሴቶች የሚሰጠው ጨረር ይቅደም፤ ማሽኑ አለ፣ ሕመምተኛዋ አለች፣ ሕክምናው በሳምንታት ያበቃል። ትራስቱዙማብ ቀጥሎ ይምጣ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ግን የሚካሄደው ማሽኑ ዘንድ አይደለም። ከመቶ ሴቶች ስንት ነው የምንታገሠው? የሚለውን ቁጥር ለመወሰን ኦንኮሎጂስቶች፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎችና የጤና ሚኒስቴር ሰዎች ይቀመጣሉ። ከእነርሱ ጋር ሕክምናውን የጨረሱና ያልጨረሱ ሴቶች መቀመጥ አለባቸው፤ አንደኛዋ ከዊንጌት በእግሯ የምትመጣ፣ ሌላዋ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዛ የምትደርስ። ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ሊናገሩ ይችላሉ። ፓሪስና ለንደንም የተለያየ ተናግረዋል።